በመላጣቸው ሙቀት የሚለኩት ጋሽ ዘውዴ

ጋሽ ዘውዴ ሞቱ ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምነው፣ ብርድ መታቸው እንዴ?» የሚል ነው። የነገረችኝ ልጄ ቤቲ ናት፤ ከሥራ ቦታዋ ደውላ።

«ማሚ፣ ድሬዳዋ እኮ ነው የሞቱት። ድሬዳዋ ምን ብርድ አለ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ግን ሰው ሁሉ የሚሞተው በብርድ ይመስለኛል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶዬ መሐል ላይ ሳቅ እየገባ አስቸገረኝና ጎረቤት እንዳይሰማኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። እሳቸውን አስቦ የማይስቅ ሰው ካለ አላወቃቸውም ማለት ነው።

ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ «ዘውዴ ፍሪጅ» ነበር የሚላቸው። የአንዱ ምግብ ቤት ሥጋ ማስቀመጫ ሲበላሽ፣ የሌላው ቢራ አልቀዘቅዝ ሲል፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው ድሬዳዋ በረዶ ቤት ተቀጥረው ነው ሙያውን የተማሩት። አጭር፣ ሪዛም፣ ሰማያዊ ቱታ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ እራሳቸው ላይ ለምልክት እንኳ አንዲት ፀጉር የለችም። ቤት ሲገቡ ከባለቤቱ በፊት ሰላም የሚሉት ፍሪጁን ነው። መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እንዴት ነሽ እናቴ? ማን አስከፋሽ?» ይሉታል። ማሽን ሁሉ ለሳቸው ሴት ነው።

አንድ አባባል ነበራቸው። «ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ የሄደ ሙቀት ነው እንጂ» ይላሉ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁትን ነገር የለም ሲሉኝ ምን ልበል?

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ትምህርቴም ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ስለዚህ የማላውቀው ነገር ብዙ ነው፤ የማላውቀውን ደግሞ እፈራለሁ። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ነው የማስረክበው። ሊፍት አልገባም። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ስሳፈር መስኮት እዘጋለሁ፣ ኬንያዎቹ ይከፍታሉ፣ እኔ እዘጋለሁ፤ እንዲህ ስንባባል ከተማ እንደርሳለን። እነሱ ነፋስ ሰው እንደሚመታ አያውቁም።

ቤቲ ስታረግዝ መውለጃዋ ሐምሌ ላይ ዋለ። ናይሮቢን የማያውቅ ሰው አፍሪካ ሙቅ ነው ይላል፤ በሐምሌ ይምጣና እናየዋለን። ፀሐይ ለሳምንት ትጠፋለች፤ ግድግዳው ራሱ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጄ እኔው ቤት እንድትታረስ። ለዚህ ብዬ ኪሌሌሽዋ የተከራየሁት አሮጌ የድንጋይ ቤት ኋላ፣ አከራዬን ማማ ንጄሪን አስፈቅጄ፣ በብሎኬትና በቆርቆሮ አንዲት ክፍል አስቀጠልኩ። ቆንጆ ክፍል ወጣች። ብርዷ ግን ከውጭው ይብሳል።

«ግድ የለም፣ ጂኮ አስገባልሻለሁ» አልኳት ቤቲን። ጂኮ የሚሉት የከሰል ምድጃውን ነው።

«ማሚ፣ ፕሊዝ! አስም አለብኝ እኮ። ዶክተሩ ጭስ የሚባል እንዳይደርስብሽ ብሎኛል። ጂኮ ካለ አልመጣም፤ ካሳራኒ ቤቴ እተኛለሁ።»

ካሳራኒ ያለው ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። ባሏ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ማን ያጥባታል? ማን ገንፎ ያገነፋላታል? ልጁ ትን ቢለው ማን ጀርባውን ይመታዋል? ሄጄ ቀይ ሽቦ ያለው ሂተር ገዛሁ። ስሰካው የቤቱ መብራት ድርግም አለ። እንደገና ስሰካው የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ነቅዬ በረንዳ ላይ አወጣሁትና አንድ ባልዲ ውሃ አጠገቤ አድርጌ ከሰዓቱን ሙሉ ስጠብቀው ዋልኩ። ተነቅሎም አላመንኩትም።

ጋሽ ዘውዴን የጠራኋቸው ያኔ ነው። መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ ስል ጧፍ ይዘው መጡ።

«የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ነው?»

«ነው። ነፋስ የሚያይ ዓይን ይሄ ብቻ ነው፤ በሩን ዝጊ።»

ጧፉን ለኩሰው በግድግዳው ሥር ተንበርክከው መሄድ ጀመሩ። እሳቱ ዘንበል ባለበት ቦታ ሁሉ «ሌባ!» ብለው ይጮሁና በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። በበሩ ሥር ሌባ፣ በመስኮቱ ጥግ ሌባ፣ ከቆርቆሮው ሥር የሌባ መዓት። ማማ ንጄሪ በመስኮት አየቻቸውና ወደኔ መጣች።

«ፓስተር ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ፉንዲ ነው» አልኳት፤ ባለሙያ ማለቴ ነው።

«ሳዋ፣ እሺ። ሲጨርስ ወደኔም ይምጣ፤ የውሃ ታንከሬም ርኩስ መንፈስ ሳይኖርበት አይቀርም።»

አሥራ ሰባት ሌባ ተያዘ። ጋሽ ዘውዴ ጧፉን አጠፉና «አስካሉ፣ መጀመሪያ እነዚህን ትደፍኛለሽ፤ ከቆርቆሮው ሥርም ኮርኒስ ታሠሪያለሽ። ቀዳዳ ሳይደፍኑ ማሽን መግዛት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ከዚያ ትንሿ ኤሲ ትበቃሻለች» አሉኝ።

«ኤሲ? ማቀዝቀዣ? ጋሽ ዘውዴ፣ ይቀልዳሉ?»

«ወዲያም ወዲህም የምትሠራ አለች። ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ታወጣለች፤ ስታዣት ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ታስገባለች።»

«ውጭ እኮ ብርድ ነው!»

«ብርድ ውስጥም ሙቀት አለ፤ ጥቂት ጥቂት። እሷ ለቃቅማ ታመጣልሻለች።»

«ቃርሚያ ነው የሚሉኝ?»

«አሁን ገባሽ! ቃርሚያ ነው። ሂተሩ እንደ ከሰል ነው፤ ሙቀቱን ከራሱ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ መብራት ይበላል። እሷ ግን ተሸካሚ ናት። ለተሸካሚ የምትከፍዪው የመንገዱን ነው እንጂ የእህሉን አይደለም።»

«የማንን ሙቀት ነው የምትወስደው?» አልኩኝ፤ ነገሩ ስርቆት መስሎኝ ፈርቼ።

«የናይሮቢን» አሉ፣ ባርኔጣቸውን እያደረጉ። «ለናይሮቢ አይጎድልባትም።»

ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ ኮርኒሱ ሲያልቅ ማሽን ልንገዛ አብረን ከተማ ወረድን። የተጻፈባቸው ቁጥር ዘጠኝ ሺህ፣ አሥራ ሁለት ሺህ፣ ሃያ አራት ሺህ ይላል። ዋጋቸው መስሎኝ እልል ልል ነበር፤ ለካ የጉልበታቸው ልክ ነው። እኔ በቀጥታ ትልቋ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ለልጅ ይሰሰታል?

«አስካሉ፣ ለሚወለደው ሕፃን የአባቱን ጫማ ልትገዢለት ነው?» አሉኝ። «ይቺ ለአዳራሽ ናት። ያንቺን ክፍል በአንድ ትንፋሽ ታግልና ትጠፋለች፤ ሲበርድ ደግሞ ዘላ ትነሳለች። ልጁን ስታግለውና ስታቀዘቅዘው ነው የምትውለው። ትንሿ ግን ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ ትሠራለች። እንዳንቺ።»

ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም።

ሻጩ ቀልጣፋ ልጅ ነው። ከትንንሾቹ ሁሉ ርካሿን፣ ሰማያዊ መብራት የምታበራዋን አሳየን። ሪሞቱን ከፍ አድርጎ ፀሐይ የተሳለባትን ቁልፍ ጠቆመንና «ይኸው፣ ታሞቃለች» አለ። ጋሽ ዘውዴ «ክፈታት» አሉት። በርጩማ ስበው ወጡ፤ ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጡኝና መላጣቸውን ከማሽኗ አፍ ሥር ደቀኑ። ሱቁ ውስጥ ያለው ገበያተኛ ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ብዙ ጠበቁ።

«ፀሐይዋ ሪሞቱ ላይ አለች» አሉ በመጨረሻ። «መላጣዬ ላይ ግን የለችም።»

ሻጩ ተከራከረ፤ ወረቀቱን አመጣ፤ አነበበ፤ ደነገጠ። ለካ ሪሞቱ ለሁሉም ዓይነት አንድ ነው፤ ያቺ ማሽን ግን ማቀዝቀዝ ብቻ ነው የምታውቀው! እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ለአራስ ልጄ የበረዶ ማሽን ሰቅዬላት ነበር።

«መላጣ አይዋሽም» አሉና ወደሚቀጥለው ሄዱ። በየማሽኑ ሥር እየቆሙ፣ የውጪውን ሳጥን ጆሯቸውን ለጥፈው እያዳመጡ፣ የመዳቡን ቱቦ በጥፍራቸው እያንኳኩ፣ መለዋወጫ ይገኝላት እንደሆነ እየጠየቁ ሱቁን ዞሩት። በመጨረሻ ጥግ ላይ ጎኗን የተጫረች፣ ምንም መብራት የሌላት ትንሽ ማሽን አስከፈቱ። መላጣቸውን ከሥሯ አደረጉ፤ ቀላ። «አሃ» አሉ። ዞር አድርገው ማጅራታቸውን ሰጧት። «አሃሃ።» አልወርድ አሉ።

ሻጩ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ማማ፣ ሰውየው ሊገዙ ነው ወይስ ሊታጠቡ?» አለኝ።

የተጫረችውን ገዛን። «ጭረቱ ቆዳዋ ላይ ነው፤ ልቧ ደህና ናት» አሉኝ።

ገጠሟት። የውስጧን ከበሩ በላይ፣ የውጪውን ሳጥን ከኋላ ግድግዳው ላይ። ከፈቷት። ሙቅ አየር ፊቴን ሲነካኝ ያን ጊዜ ገና ዋናው ነገር ታየኝ። ነፋስ! ማሽኗ ሙቀቱን የምታመጣው እየነፋች ነው። አራስ ልጄን የሚነፋ ነገር በገንዘቤ ገዝቼ በር ላይ ሰቀልኩ ማለት ነው።

«ንቀሏት!» አልኩ።

«አስካሉ፣ ነፋስ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው።»

«ነፋስ ነው! አራስ ይመታል። ነጠላዬ ሲንቀሳቀስ አያዩትም?»

ጋሽ ዘውዴ አዩኝ። መቼም እንደሳቸው ታጋሽ ሰው የለም። ጫማቸውን አወለቁ። «እሺ፤ እኔ አራስ ልሁን» አሉና ለቤቲ ያነጠፍኩት አልጋ ላይ ወጥተው ተጋደሙ። «ሸፍኚኝ። ራሴን በነጠላ እሰሪልኝ፤ አራስ እራሷን ትታሰራለች። ልጅም አምጪልኝ፤ ልጅ የሌላት አራስ የለችም።» ሁለት ኪሎ ሽሮ በፎጣ ጠቅልዬ አሳቀፍኳቸው። «አሁን አንድ ሰዓት እተኛለሁ። ስነሳ አንገቴ ከታጠፈ፣ ትከሻዬን ከወጋኝ፣ ማሽኗን ራሴ አውርጄ እመልሳለሁ» ብለው፣ በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

ያን ዕለት ቤቲ ለምርመራ ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። መግባቷን የሰሙ የማኅበሬ ሴቶች ወልዳለች ብለው ነው ያሰቡት። እኔ ጓዳ ሳለሁ በሩ ላይ እልልታ ቀለጠ። ወይዘሮ ተዋበች ገንፎ በሳህን ይዛ፣ እህቷን አስከትላ፣ እየዘለለች በቀጥታ ወደ አራሷ ገባች። ሮጬ ልደርስባት አልቻልኩም። ተዋበች ሰባት የወለደች ሴት ናት፤ የአራስ ቤት ወግ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ አራሷን ግንባሯን ልትስም ስትል ሪዝ አየች።

«በስመ አብ ወወልድ!»

ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እልልታውን ቀንሱ፤ ልጁ ገና አሁን ነው የተኛው» አሉ።

የተዋበች እህት በሩ ላይ ተቀመጠች። ተዋበች ግን ከድንጋጤዋ ስትመለስ ሽሮውን ገልጣ አየችና «ማንን ይመስላል? አባቱን ቁርጥ!» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ አልጽፈውም፤ አይጻፍም። ገንፎውን ጋሽ ዘውዴ በሉት። «አራስ ገንፎ አትመልስም፤ ነውር ነው» አሉ፣ ቅቤው ሪዛቸው ላይ እያበራ። አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ አዙረው አሳዩን። ምንም አልሆኑም። ተዋበች ራሷ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን ገልጣ፣ አየሩን ቀመሰችና ፈረደች፤ «ይሄ ነፋስ አይደለም። ይሄስ ጌታን በበረት ያሞቀው የበሬ ትንፋሽ ነው።» እሷ ካለች አበቃ። ማሽኗ ተሰቅላ ቀረች።

በሳምንቱ ቤቲ ሴት ልጅ ወለደች። ከሐኪም ቤት ልትወጣ አንድ ቀን ሲቀራት ዝናብ ጣለ፤ ብርዱ አጥንት ይበሳል። ከኋላ ልብስ ላስገባ ስወጣ የውጪው ሳጥን ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዝናብ እየመታው፣ ማራገቢያውን ብቻውን ያሽከረክራል። አንጀቴን በላው። ለእኛ ሙቀት የሚለቅመው እሱ፣ ሜዳ ላይ ቀርቶ ይበርደዋል! ደግሞም አሰብኩት፤ ብርድ ውስጥ ሆኖ ከሚለቅም ሞቆት ቢለቅም አይሻልም? ጋቢዬን አመጣሁና ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩት። በላስቲክ ደረብኩት። በገመድ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሏ መቃብር ሆና አገኘኋት። ማሽኗ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ታደርጋለች እንጂ አትተነፍስም። ስልኬ ጮኸ፤ ቤቲ ናት።

«ማሚ፣ እየወጣን ነው። ክፍሉ ሞቋል አይደል?»

«እሳት ነው!» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

ጋሽ ዘውዴን እያለቀስኩ ጠራኋቸው። በማታቱ ደረሱ። የውስጧን አዩ፣ መዳፋቸውን አደረጉባት፣ «ምን ሆንሽ እናቴ?» አሏት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ። እኔም ተከተልኳቸው፤ ጋቢውን ያኔም አላሰብኩትም።

አዩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ቀብር ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አስካሉ።»

«አቤት።»

«አፍና አፍንጫዋን አስረሽ ሩጪ አልሻት?»

«በርዷት ነበር፣ ጋሽ ዘውዴ…»

«እሷ እኮ እንጀራዋ ብርድ ነው!»

ገመዱን ፈትተው፣ ላስቲኩንም ጋቢውንም አውርደው ሳይጨርሱ የመኪና ድምፅ ሰማን። ሮጬ ገባሁ። ቤቲ ሕፃኗን አቅፋ ክፍሏ መሐል ቆማለች፤ ስትተነፍስ ከአፏ እንፋሎት ይወጣል።

«ማሚ። ይሄ ነው እሳት?»

ወደ ሾፌሩ ዞራ «ሻንጣውን እንዳታወርደው፤ ካሳራኒ ነው የምንሄደው» አለችው።

በዚህ መሐል ጋሽ ዘውዴ የረጠበውን ጋቢዬን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ! እኔ ነኝ ያጠፋኋት። አራስ ከመግባቷ በፊት ማሽን አጥፍቶ መፈተሽ የሙያው ሕግ ነው። እናትሽ አትጥፋ ብላ ለምናኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ መኪናው ውስጥ ሞቆሽ ጠብቂኝ፤ ካልሞቀ እኔው ራሴ ሻንጣሽን ተሸክሜ ካሳራኒ አደርሳለሁ፤ አራተኛ ፎቅ።»

ቤቲ አየቻቸው፤ ሕፃኗን ሸፍና ወጣች።

ማሽኗን አስነሱ። በርጩማው ላይ ወጡ፣ መላጣቸውን ደቀኑ። እኔ እመብርሃንን እየለመንኩ ከታች ቆምኩ።

«ስንት ሆነ?» እላለሁ።

«ሐምሌ» ይላሉ። ቆየት ብለው «አሁንም ሐምሌ።» ቆየት ብለው «ጳጉሜ ገባ።» ውስጧ አንድ ነገር ጠብ ጠብ አለ። «መስከረም! ጠራ!» አሉ። «ኅዳር… ጥር፣ ጥምቀት አለፈ… የካቲት…» መላጣቸው ሲቀላ ይታየኛል። «ሚያዝያ! አስካሉ፣ ሚያዝያ!» ከዚያ ሪዛቸው ሥር ፈገግታ መጣ። «ጥሪያት። ድሬዳዋ ደርሰናል።»

ቤቲ በሩን አልፋ ቆመች። ሙቀቱ ፊቷን ነካት። መጀመሪያ ማሽኗን አየች። ቀጥሎ የጋሽ ዘውዴን ትከሻ፤ ጋቢዬን ታውቀዋለች፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ቀጥሎ እኔን አየች። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ጫማዋን አወለቀችና ሾፌሩን «ሻንጣውን አምጣው» አለችው።

ታረሰች፤ ገንፎዋን በላች፤ ሰማንያው ቀን ደርሶ ክርስትና ተነሳ። ከዚያ ትሄዳለች ብለን ስንጠብቅ፣ ካሳራኒ ይበርዳል አለች። ቀጥሎ ባሏ ለአንድ እሑድ መጣና ሰኞ ልብሱን አመጣ። ዛሬ ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ሦስቱም እዚያችው ክፍል ውስጥ በቀሚስና በካናቴራ ይውላሉ። እኔ በፊተኛው ክፍል ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እተኛለሁ።

ጋሽ ዘውዴ ሲያረጁ ወደ አገራቸው ገቡ። በዓል ሲሆን ይደውሉልኝ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውሉ ይህንኑ ሁሉ አማረርኩላቸው፤ ልጄ አልወጣ አለች፣ ቤቱ ጠበበኝ፣ እኔ በርዶኝ ልሞት ነው አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ቀላል ነው፤ አንድ ፉንዲ ልላክልሽና ማሽኗን ይንቀላት። በሦስተኛው ቀን ካሳራኒ ትገባለች» አሉኝ።

«ማንም እንዳይነካብኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ማን ትውጣልኝ አለ?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም በንዴት ስልኩን ዘጋሁባቸው።